የዘበኛው ጎጆ

ባሕር ዳር ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ስልክ ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ነገር ነው። «ጋዝ ጨርሷል፣ መጥተህ ሙላልኝ።» ደንበኛው በሽታውን አውቆ፣ መድኃኒቱን አዞ ነው የሚደውለው። እኛ የምንፈለገው መርፌውን ለመውጋት ብቻ ነው።

የዚያን ቀን የደወሉልኝ ሴትዮ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቁ ዓሣ ይነግዳሉ። ከጀልባ የሚረከቡትን ቆሮሶና አምባዛ የሚያስቀምጡበት አነስ ያለ ኮልድ ሩም፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ክፍል፣ አላቸው። ወሩ ሚያዝያ ነው። የባሕር ዳርን ሚያዝያ የቀመሰ ያውቀዋል።

ስደርስ ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ቀጥ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። «አየህ፣ አቅም አነሰው። ጋዝ ነው» አሉኝ እትዬ። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ሳስገባ ግን የከፍተኛው ግፊት መርፌ ሽቅብ ወጥቷል። ጋዝ ያነሰው ማሽን ግፊቱ ይወርዳል እንጂ እንዲህ አይሆንም። የሚቆመው ራሱን ከጉዳት ለማዳን ነው። ያኔ ጋዝ ቢጨመርበት ይብስበት ነበር።

ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሙቀቱን ውጭ የሚጥለው ክፍል፣ ኮንደንሰሩ፣ የለም። በቆርቆሮና በሸራ የተሠራች ጎጆ ውጣዋለች። ውስጧ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሬዲዮ። የዘበኛው ማደሪያ ናት።

አባባ ለመሸሸግም አልሞከሩ። «በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ይኼ ደግሞ ሌቱን ሙሉ ሙቅ አየር ይተፋል። ሜዳ ላይ ከሚቀር ብዬ ነው» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ጨመሩ። «ዓሣ በገባ ቀንማ ለጉድ ነው። ሙቀቱ ከዓሣው ነው መሰለኝ የሚመጣው።»

«ከበረዶ ቤት ሙቀት!» ብለው እትዬ ሳቁባቸው።

እኔ አልሳቅኩም። እዚያ ግቢ ውስጥ የማሽኑ ሥራ የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ኮልድ ሩም ብርድ አያመርትም። ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ያግዛል። ጋዙ በክፍሉ ውስጥ ባሉት ቱቦዎች ዝቅ ባለ ግፊት ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል። ውጭ ያለው ኮንደንሰር ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ያመጣውን ሙቀት ይለቃል። ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ይዞራል እንጂ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ጎደለ ከተባለ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው።

ውጭ የሚጣለው ደግሞ የዓሣው ሙቀት ብቻ አይደለም። ኮምፕሬሰሩ የሚበላው መብራትም ሙቀት ሆኖ እዚያው ይወጣል። ከክፍሉ 2 ኪሎዋት ለማውጣት 1 ኪሎዋት መብራት ከፈጀ፣ ኮንደንሰሩ የሚጥለው 3 ኪሎዋት ነው። ጥሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ በሉት። ከጣና የወጣ ውኃ ነው በለስ የኃይል ማመንጫ ላይ ተርባይን የሚያዞረው። ማን ያውቃል፣ የአባባን ጀርባ ያሞቀው ከዚያ የመጣ መብራት ይሆናል።

ስለ ዓሣው የተናገሩትም ልክ ነው። 1 ኪሎ ውኃ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ሲወርድ 105 ኪሎጁል አካባቢ ይለቃል። 0 ላይ ሆኖ በረዶ ለመሆን ግን 334 ኪሎጁል መልቀቅ አለበት። ያውም ሙቀቱ አንዲት ዲግሪ ሳይወርድ። ዓሣ ደግሞ አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። እትዬ ዓሣው ውስጥ ቴርሞሜትር ሰክተው «ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ይልና ንቅንቅ አይልም፣ ማሽኑ ተኝቷል» የሚሉት ለዚህ ነበር። ማሽኑ ከሁሉ የበለጠ የሚለፋው እኮ ያኔ ነው!

ታዲያ ታኅሣሥን ያለ ችግር ያለፈ ማሽን ሚያዝያ ላይ ለምን ወደቀ? ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሚሞቀው ወደሚቀዘቅዘው ብቻ ነው። ስለዚህ ኮንደንሰሩ ዙሪያውን ካለው አየር መብለጥ አለበት። ውጭ 30 ዲግሪ ቢሆን እሱ 45 አካባቢ ሆኖ ይጥላል። ጎጆዋ ውስጥ ግን ቴርሞሜትሬ 50 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ፋኑ የተፋውን መልሶ ይስባል። ኮንደንሰሩ ከዚያ በላይ ለመሞቅ ግፊቱን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ያደርጋል፣ በመጨረሻ ይቆማል። በታኅሣሥ በየቀዳዳው የሚገባው የሌሊት ብርድ ያድነው ነበር። ከፍታችንም አያግዝም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያሻግረው ሙቀት ከምጽዋ ያንሳል።

እትዬ «ይፍረስ!» አሉ። አባባ ዝም። እኔ መሐል ገባሁ። ጎጆዋን ነቅለን ራቅ አድርገን ተከልናት፣ በሯን ንፋሱ ወደሚወጣበት አዞርን። በበጋው ሙቀት በሩን ይዘጋሉ፣ ብርድ ሲመጣ ይከፍታሉ። ፋኑ ከኋላው ንጹሕ አየር መሳብ ሲጀምር የጌጁ መርፌ ወዲያው ወረደ። ኮምፕሬሰሩም ሳይቆራረጥ ሠራ።

መሣሪያዬን ስሰበስብ አባባ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ሻይ ቢጣድበትስ?»

እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮንደንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ብዙ ሙቀት ይጥላል፣ ግን ሁሉም ዲግሪው ዝቅ ያለ ነው። ምን ያህል ቢጠብቁ ከራሱ በላይ አያሞቅም። «ለሻይ አይሆንም፣ ለእግር መታጠቢያ ግን ይበቃል» አልኳቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ላየው ስመለስ አንድ ጄሪካን ውኃ ተቀምጧል። ንፋሱን እንዳይዘጋ አርቀው ያስቀምጡት ልላቸው ነበር። ቀድመውኝ አርቀውታል።