ኬፕ ሜይ ላይ ነፋሱ እስኪዞር

እናቴ ቢሾፍቱ ናት። ወፍ ለማየት ብዬ ሦስት ቀን ፈቃድ እንደወሰድኩ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እዚያ አገር ወፍ በነጻ አይታይም እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ይታያል እማዬ። እኔ የከፈልኩት እንዴት እንደሚታይ ለሚያሳየኝ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሥራዬ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከእነሱ አንዷ መስኮታቸው ላይ የወፍ ጥሬ ማስቀመጫ ሰቅለው ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ በየጠዋቱ «ዛሬ ማን መጣ?» ይሉኝ ጀመር። የአንዱንም ስም አላውቅም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እነግራቸዋለሁ። «ትንሽ ናት፣ ጭራዋ አጭር ነው፣ ግንዱን በጭንቅላቷ ቁልቁል ነው የምትወርደው።» እሳቸው ፈገግ ብለው «ነትሃች» ይላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ዓይን ሆንኳቸው። ሲያርፉ ልጃቸው ባይኖኩላራቸውን፣ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን፣ ሰጠችኝ።

ኬፕ ሜይ የሚባለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ኒው ጀርሲ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለ ቦታ ነው። በመጸው፣ እዚህ ፎል በሚሉት ወቅት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈልሱ ወፎች በብዛት ያልፉበታል። ጭልፊትና ንስር የሚቆጥሩ ሰዎች ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ እዚያ ይቆማሉ። ቆጠራው ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይዘልቃል። ሴፕቴምበር 25፣ 26 እና 27ን መረጥኩ። በእኛ መስከረም 17፣ መስቀል፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ይውላል።

ወደዚያ ስሄድ በሰሜኑ አውራ ጎዳና መዞር አልፈለግኩም። ደላዌር ውስጥ ሉዊስ ከምትባል ከተማ ድረስ ነዳሁና መኪናዬን ይዤ ፌሪ ላይ ወጣሁ። የደላዌርን ባሕረ ሰላጤ ለማቋረጥ 85 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመኪና ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፤ ሞልቶ ከደረሳችሁ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ይሄን ውሃ በፌሪ ማቋረጤ በኋላ በጣም ጠቀመኝ። ወፎቹ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚያመነቱ ገባኝ። ከፊታቸው ያለው ያ ሁሉ ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ነፋሱ ከደቡብ ነው፣ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ትንኙ አያስቆምም። ሰባት ነበርን። አንዱ ሰውዬ ለዚህ ነው ወይ የከፈልነው ማለት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከፍቶኝ ነበር። አስጎብኚያችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። «ዛሬ ዓይናችሁን እናሠለጥናለን፣ ወፉ ነገ ይመጣል» አሉን።

መጀመሪያ ባይኖኩላራችንን አስተካከሉ። የእኔ ላይ 8 በ42 ተጽፎበታል። 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ይሄ ነው፤ በጣም የሚያቀርብ ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል። ቀኝ ዓይን ላይ ለብቻው የምትዞር ቀለበት እንዳለች አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ብዥ ባለ ነገር ስመለከት ኖሬያለሁ። ሌላው ደግሞ ይሄ ነው፦ ወፉን ካያችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ፊታችሁን ሳታዞሩ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። እኔ ወደ ታች አይቼ መነጽሩን አነሳና ቀና ስል ወፉ የለም።

ከሰዓት የመብራት ማማው ላይ ወጣን። በ1859 የተሠራ ነው፣ 199 ደረጃ አለው። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ላዩ ላይ ሆናችሁ ካርታ ነው የምታዩት። በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላ በኩል ባሕረ ሰላጤው፣ መሐል ላይ እየጠበበ የሚያልቅ መሬት። ልክ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ። ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ ወፎቹን ወደ ባሕሩ ጠርዝ ይገፋቸዋል። እነሱም ውሃው ላይ ላለመውጣት የባሕሩን ዳር ይዘው ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እዚህች ጫፍ ላይ ይገናኛል። እንግዲህ ሁሉ ነገር ነፋስ ነው። ቀን ስትመርጡ ሊቀያየር የሚችል ፈቃድ ካላችሁ እሱን ያዙ። ቀዝቃዛ አየር ካለፈ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት የወርቅ ቀናት ናቸው። እንደ እኔ ቀኑ የታሰረባችሁ ከሆናችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ይሁን። አንዱ መክሸፉ አይቀርም።

ማታ ዝናብ ጣለ። ካባራ በኋላ አስጎብኚያችን ስልካችን ላይ በርድካስት የሚባለውን እንድንከፍት ነገሩን። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያሉበት ሥራ ነው። የአየር ጠባይ ራዳር የሚያየውን የወፍ ብዛት ያሳያል። ትንንሾቹ ወፎች በአብዛኛው የሚጓዙት በሌሊት ነው። ካርታው በርቷል። ጃኬቴን ደርቤ ውጪ ወጣሁ። ነፋሱ ዞሯል፣ ብርድ ብርድ ይላል። ጨለማው ውስጥ ከላይ «ጽ… ጽ…» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይከተላል። አንዷንም አላየሁም። ግን አንገቴን ቀና አድርጌ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁት በሌሊት በረራ ነበር።

ጎህ ሳይቀድ ሂግቢ ቢች ደረስን። ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩት ወፎች ሲነጋ ራሳቸውን ጫፉ ላይ ወይም ባሕሩ ላይ ያገኙታል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ተመልሰው ምግብና መጠለያ ያለበት ጫካ ይፈልጋሉ። በራሳችን ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሲያልፉ እኔ ቀለም እየፈለግኩ ተቸገርኩ። ልጅ ሆኜ የማውቀው የመስቀል ወፍን ነው። እሱ በመስከረም ይደምቃል። ብዙ ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስለዋል እንጂ እዚያው ነው የሚኖረው፤ ክረምቱ ሲመጣ ወንዱ ልብሱን ይቀይራል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። በጸደይ ቢጫና ጥቁር የነበሩት በመስከረም ደብዛዛ አረንጓዴ ሆነው ነው የሚያልፉት። አስጎብኚያችን አየት አድርገውኝ «ስሙን ተይው፤ ምን እያደረገ እንደሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። ያቺ የመስኮቱ ጥያቄ ተመልሳ መጣች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀለለኝ።

ረፋዱ ላይ መብራት ማማው ሥር ያለው የእንጨት መድረክ ላይ ወጣን። መግቢያ አይከፈልም። ቆጣሪዎቹም ሰው ሲጠይቃቸው በደስታ ይመልሳሉ። የአሞራው ነገር ቅርጽ ነው። ክንፉን እንደ ቪ አንስቶ ዘንበል ቀና የሚለው ጥንብ አንሳ ነው። እንደ ጠፍጣፋ ሳንቃ ዘርግቶ የሚሄደው ንስር ነው። ኤም ፊደልን የመሰለው ኦስፕሬይ፣ ዓሣ አዳኙ ነው። የዚህ አገሮቹ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይወርዳሉ። ከአውሮፓ የሚነሱት ዘመዶቹ ግን የኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ድረስ ይመጣሉ። ሦስት አራቴ መታ መታ አድርጎ የሚንሳፈፈው ትንሹ ጭልፊት ሻርፕ ሺንድ ይባላል። እዚያ ከሚቆጠሩት ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው መርሊን ነው። ትንሽ፣ ክንፉ ሹል የሆነ። የደረቀ ዛፍ ጫፍ ላይ አርፎ በእግሩ የያዘውን ይመነጭቃል። የያዘው ውሃ ዳር የሚበር፣ ረጅም ነፍሳት ነው። ድራጎንፍላይ ይሉታል። ክንፎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ይለቃቸዋል። እንደ ስስ መስታወት ፀሐይ ላይ ብልጭ እያሉ ወረዱ። አራት ቆጠርኩ። ከዚያ ገላውን ዋጠና ነፋሱን ተከትሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ ወፍ ከእግራችን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቅጠል ስር ትለቅማለች። ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ብላክፖል ዋርብለር ናት። ክብደቷ 12 ግራም ገደማ ነው። ከመነሳቷ በፊት እየበላች እጥፍ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ አትላንቲክ ላይ ወጥታ ሁለት ሦስት ቀን ሳታርፍ ወደ ደቡብ ትበራለች። ስልኩን ይዞ ጠጋ ሊል የነበረውን ሰውዬ አስጎብኚያችን በእጃቸው መለሱት። አንድ ጊዜ ካስነሳናት የበላችውን ታባክናለች። የዘፈን ድምፅ በስልክ አጫውቶ ወፍ መጥራትም እንዲሁ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ለእኛ ፎቶ ነው፣ ለእሷ ስንቅ ነው። ተራችንን ጠብቀን በዝምታ ወደ ኋላ ተመልሰን በሌላ መንገድ ዞርን።

ፌሪውን ስጠብቅ ለመስቀል እናቴ ጋ ደወልኩ። ቢሾፍቱ ከሰዓት ሆኗል። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን። «እሺ፣ ምን አየሽ?» አለችኝ። መርሊኑን ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ድንገት «ቆይ፣ ቆይ» አለች። አጥሩ ላይ ወፍ አርፏል።

«ምን ይመስላል እማዬ?»

«ጥቁርና ነጭ ነው። ምንቃሩ ቀይ። ጭራው ከራሱ ይረዝማል፣ ነፋሱ ወዲያ ወዲህ ያደርግበታል። አሁን ደግሞ ባለበት አየር ላይ ይዘላል… እታች አንዲት ቡናማ አለች፣ ለእሷ መሰለኝ።»

ስሙን አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ፌሪው ጥሩንባውን ሲነፋ ገና እየነገረችኝ ነበር።