አዲስ አበባ ላይ ቆንጆ ነበር

ታናሽ እህቴ ስታገባ የአበባው ነገር ለእኔ ተሰጠኝ። ድግሱን እናቴና አክስቶቼ ያዙ፣ መኪናውን ወንድሞቼ፣ ጥሪ ካርዱን ሚዜዎቹ። "አንቺ አበባውን ያዢ፣ እሱ ቀላል ነው" ተባልኩ። ቀላል ነው ያለኝን ሰው አሁንም እየፈለግኩት ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሠርግ ያላችሁ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

የእኛ ቤት ደሴ ነው። አዳራሹ ኮምቦልቻ ነበር፣ የሙሽራው ቤተሰቦች እዚያ ስለሆኑ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምንም አይደለም። ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ሰው በዚህ ልዩነት ጃኬት ያወልቃል፣ አበባ ግን ይጠወልጋል። ይህን የሚነግራችሁ ዲኮር ሠሪ አታገኙም።

መጀመሪያ ቀለም። እህቴን ያማራት ቀይ ጽጌረዳ ነበር። ሠርጉ ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። የሀገራችን ጽጌረዳ በአብዛኛው የሚለማው ለውጭ ገበያ ነው፣ ብዙው ወደ ሆላንድ ይሄዳል። ፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን የሚሉት ፌብሩዋሪ 14 በእኛ የካቲት መጀመሪያ ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እርሻዎቹ ቀዩን ወደ ውጭ ለማድረስ ይሯሯጣሉ። እኛ ደግሞ ሁዳዴ ሳይገባ እንጋባ ብለን ጥር ላይ እንረባረባለን። ስለዚህ በጥር መጨረሻ ቀይ ጽጌረዳ ውድ ነው፣ የሚገኘውም ከውጭ ገበያ የተረፈው ነው። ዋጋ አልጽፍም፣ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል።

ነጭ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ንጹህ ነጭ አትግዙ። የጥፍር ጫፍ የነካው ቦታ ሳይቀር በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ክሬምና ኮክ ቀለም ያለውን መረጥን። እህቴ ትንሽ አኮረፈች፣ ቪዲዮውን ስታይ ግን ረሳችው።

ስትገዙ የየት እርሻ እንደሆነ ጠይቁ። እንደ ሆለታ ያለ ደጋ ላይ ያደገ ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ስለሚደርስ የአበባው ራስ ትልቅ ነው። እንደ ዝዋይ ያለ ሞቅ ያለ ቦታ የበቀለው ቶሎ ይደርሳል፣ ራሱም አነስ ይላል። ለጠረጴዛ ትንሹ በቂ ነው፣ ለሙሽራዋ እጅ ትልቁን ያዙ። እስሩ 20 ዘንግ ነው። አዲስ አበባ ካለ ሱቅ 20 እስር ገዛሁ፣ 400 ዘንግ መሆኑ ነው። ሱቁ ውስጥ አበባው እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። ቀጥ ብሎ፣ ጠል እንደያዘ።

ዲኮር የሚሠራልን ልጅ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ሥራውን አልነቅፍም፣ አፉን ነው የምነቅፈው። ምን ብትጠይቁት መልሱ "አብሽሪ" ነው። አበባው መቼ ይምጣ? አብሽሪ። ማታ የት ይደር? አብሽሪ፣ አዳራሹ ውስጥ ይደር። አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ማታም አይቀዘቅዝም። አይሆንም አልኩት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ።

ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ነበር የተነሳሁት። ለአበባው ብዬ የሁለት ወንበር ሒሳብ ተጨማሪ ከፈልኩ። ካርቶኖቹ ከጎኔ እንዲሆኑ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው። ረዳቱ ብሩን ቆጥሮ "ችግር የለም እናቴ" አለኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መነኸሪያ ስደርስ ወንበሮቼ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ካርቶኖቼ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥተው ሸራ ለብሰዋል። "የከፈልኩበት ወንበር እኮ ነው!" ስለው፣ "አበባ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የት አየሽ? ሰው ቆሞ ይሂድ?" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለእሳቸው አቤት አልኩ። "በቃ ልጄ፣ ላይ ቀዝቃዛ ነው፣ እንዲያውም ይስማማዋል" አሉኝ።

እስከ ጣርማበር ድረስ እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ነበር፣ አበባ ከዚያ የተሻለ ፍሪጅ አያገኝም። ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሸዋሮቢት ስትደርሱ ሌላ ሀገር ነው። መስኮቱን ከፈትን። እኔ የማስበው ሸራው ሥር ያለውን ሙቀት ነው። ቆላው ላይ ተሳፋሪው ደግሞ ሙዝና ፓፓያ ሸመተ፣ ረዳቱም የሙዙን ጆንያ አንስቶ ካርቶኖቼ ላይ ጫነው። የበሰለ ሙዝ ኢታይሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ፍሬ የሚያበስለው ያው ጋዝ አበባን ያስረጃል። ይህን ለረዳቱ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አስተያየቱን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ከዚያ ኬላ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ቆላ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። መፈተሻቸው መልካም፣ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ሸራውን አስገልጦ ካርቶኖቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሱቁ አበባውን ያሸገበት ካርቶን ከእርሻ የመጣው ነው፣ ላዩ ላይ የእርሻው ምልክትና የውጭ ሀገር ጽሑፍ አለበት።

"ይሄ ኤክስፖርት ነው" አለኝ።

"ካርቶኑ ነው ወንድሜ፣ አበባው ለእህቴ ሠርግ ነው።"

"የኤክስፖርት ዕቃ ወደ ደሴ ምን ያደርጋል? ማስረጃ አምጪ።"

ደረሰኝ ሰጠሁት። ደረሰኙ ላይ "ልዩ ልዩ" ይላል። ልዩ ልዩ! ሱቁ አበባ ሸጦ አበባ ብሎ መጻፍ አቅቶታል። ፈታሹ ደረሰኙን አገላብጦ አየና "እዚህ ላይ አበባ የሚል የለም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። አለቃውን ልጥራ ብሎ ሄደ። አለቃው ምሳ ላይ ናቸው። ካርቶኖቹ ከመኪናው ወርደው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል፣ በቀኑ ሰባት ሰዓት ፀሐይ። ወደ ግራር ጥላ ላስጠጋቸው ስል "ዕቃው አይነካም" ተባልኩ። ጥላው አሥር እርምጃ አይሞላም። ነጠላዬን አውልቄ አለበስኳቸው።

ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ረዳቱ "አበባሽን ጥለሽው እንሂድ" አለኝ፣ ያ የሁለት ወንበር ሒሳቤን የበላው ረዳት። አለቃው ምሳቸውን ጨርሰው መጡ። አንዱን ካርቶን አስከፈቱ፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው አንዱን ጽጌረዳ መዘው አሸተቱና "ይሄ እኮ አይሸትም" አሉ። የእርሻ ጽጌረዳ አይሸትም፣ የሚዳቀለው ሽታ እንዲኖረው ሳይሆን ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው። ይህንንም አስረዳሁ። "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሂዱ" አሉኝ። በዚህ ብቻ አለቀ። ከምሳቸው በፊት ቢያሸቱት ምን ነበረበት?

ከዚህ የተማርኩትን እነሆ። ደረሰኙ ላይ "ጽጌረዳ አበባ፣ ይህን ያህል ዘንግ" ተብሎ ካልተጻፈ ከሱቁ አትውጡ። የእርሻ ካርቶን አትቀበሉ፣ ከተቀበላችሁም ምልክቱን ላጡት። የሠርግ ጥሪ ካርድ በቦርሳችሁ ያዙ፣ ከደረሰኝ በላይ ይሠራል። የሚኒባስ ወንበር ከመግዛት ደግሞ ከዘመድ ጋር ተነጋግሮ ለራስ የሚሆን መኪና መያዝ ይሻላል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። 400 ዘንግ መልሶ መግዛት ግን የበለጠ ውድ ነው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ዲኮር ሠሪው ደወለ፣ "አዳራሹ ጋ አውርጂው፣ አብሽሪ።" አላወረድኩም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ቤት ካርቶኖቹን ስንከፍት አክስቴ አፏን ያዘች። ግማሹ አንገቱን ደፍቷል።

ሱቁ ከአበባው ጋር አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። "ካርቶኑ እስከ ሠርጉ ጠዋት እንዳይከፈት፣ ውሃ እንዳይነካ" ይላል። ይህ ምክር ማቀዝቀዣ ክፍል ላለው ሰው ነው። እናንተ የላችሁም። እንደደረሳችሁ ክፈቱት።

አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ የሞተ እንዳይመስላችሁ። ዘንጉ ውስጥ አየር ገብቶ ውሃ መሳብ አቅቶት ነው። አክስቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፣ ባልዲው ከየቤቱ ተሰበሰበ። ባልዲዎቹን በበረኪና አጠብን። ውሃ ውስጥ የሚነከረውን ቅጠል መለመልን፣ እዚያ ከቀረ ይበሰብሳል። የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ እንደነከርን፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰያፍ አድርገን በስል ቢላ ቆረጥን። መቀስ ዘንጉን ስለሚጨፈልቀው ተዉት። ከዚያ እስር እስሩን በጋዜጣ ጠበቅ አድርገን ጠቀለልን፣ አንገቱ ቀና ብሎ እንዲቆም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆምነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና። አስፕሪን ጨምሩበት የሚሉ አሉ፣ አስፕሪኑን ለራስ ምታታችሁ አስቀምጡት።

አንዷ ጎረቤት ፍሪጅ እናስገባው አለች። የቤት ፍሪጅ ውስጥ ቲማቲም አለ፣ ያው የሙዙ ጣጣ ነው። የደሴ የጥር ሌሊት ከፍሪጅ ምን ይተናነሳል? በረንዳው ላይ ደረደርነው። ለሱብሂ አዛን ሲባል ወጥቼ አንዱን ጋዜጣ ፈታሁ። ቀና ብሏል። ሁለተኛውንም ፈታሁ። የጠወለገ የሚመስለው የውጭ ቅጠል ከሥሩ ሲላጥ ውስጡ አዲስ ነው። ሁሉም አልዳነም፣ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ግን ዳነ።

ጉድለቱን በአረንጓዴ ሞላነው። እዚህ ላይ ደሴዎች የማናውቀው ሀብት አለን። ከጉቶ የሚያቆጠቁጠው የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ክብ፣ ብርማ ነው። ፈረንጅ ሀገር የሠርግ አበባ ሻጮች በገንዘብ የሚሸጡት ቅጠል ነው። እኛ ጦሳ ተራራ ግርጌ በነፃ ቆርጠን መጣን። ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል። ከኮምቦልቻ ግቢዎች ቡገንቪሊያ እንቁረጥ ያሉም ነበሩ። ግድግዳ ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ሲቆረጥ ግን ምሳ ሳይደርስ ይጠወልጋል።

አክስቴ ደግሞ ሰኞ ገበያ ለቅቤ የሚሸጠውን አደስ ይዛ መጣች፣ የእህቴ የእጅ አበባ ውስጥ ካልገባ ብላ። ዲኮር ሠሪው "ይሄ የቅቤ ቅጠል ነው እኮ" ብሎ ሳቀ። ያው አደስ በፈረንጆች 1858 የንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ ስታገባ እቅፍ አበባዋ ውስጥ ነበር፣ የእንግሊዝ ንጉሣውያን ሙሽሮችም እስከ ዛሬ ይይዙታል። ነገርኩት። ዝም አለ። አደሱ ገባ።

ጠዋት ሐረጎን የወረድነው ወንበሩ በወጣለት ሚኒባስ ነው። ባልዲውን ሲሶ ብቻ ሙሉ፣ መካከሉን በጆንያ ጠቅጥቁ፣ ጠመዝማዛው አይምርም። አዳራሽ ስደርስ ዲኮር ሠሪው ልጅ አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ በእጁ እየደፈጠጠ ውሃ ውስጥ ሲያሰምጥ አገኘሁት። እንዲያ ሲደረግ ውስጡ ደረቅ ይቀራል፣ እዚያ የተሰካው አበባም ውሃ አያገኝም። ውሃው ላይ ጣሉትና ተዉት፣ በራሱ ጊዜ ጠጥቶ ይሰምጣል። ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ሲሰበር መሃሉ ነጣ ብሎ ካያችሁት ጣሉት።

ሌላም ምክር አለኝ፣ ብዙ ሰው ባይወደውም። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ትልቁ ዲኮር አርቲፊሻል ይሁን። ከሩቅ ማንም አይለየውም። እውነተኛውን ሰው በሚያሸትበትና በሚነካበት ቦታ አድርጉት፦ የሙሽራዋ እጅ፣ የሚዜዎች ደረት፣ የወላጆች ጠረጴዛ። እኛ እንዲያ አደረግን፣ የቀረውም ለመልሱ ተረፈ።

ማታ ልጁ ቀሪ ሒሳቡን ሲጠይቅ ከላዩ ላይ "የአበባ ማደሻ" የሚል ጨምሮበት መጣ። ያደስነው እኛ ነን፣ በረንዳችን ላይ፣ በጎረቤት ባልዲ። "ማደሻው ምንድነው?" አልኩት። "አብሽሪ፣ ትንሽ ነገር ነው" አለኝ። ቀሪውን ከፈልኩት። ማደሻውን አልከፈልኩም።