ሰባት ገጽ በአንድ ወረቀት

አባቴ ዓይኑ የደከመ መስሎት ነበር። ወረቀቱን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው። «አየ ልጄ፣ እኔስ ከእንግዲህ ለንባብ አልሆንም» አለኝ። ጥፋቱ ግን የዓይኑ አልነበረም፣ የእኔ ነበር።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤተሰቦቼ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ያርሳሉ። የእኛ ደጋ አፈር አሲዳማ ነው። ማዳበሪያ ብትጨምርበትም ገብሱ ቀጭጮ ይቀራል። ለዚህ የሚበጀው ኖራ ነው። መጋቢት ላይ ስለ ኖራ በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.5 ሲወርድ ሥሩ ምን እንደሚሆን፣ ኖራው ከዘር በፊት ከወር በላይ ቀድሞ ከአፈር ጋር መደባለቅ እንዳለበት፣ መጠኑ በአፈር ምርመራ እንደሚወሰን፣ ሁሉንም ይዟል። አትሜ ለአባቴና ለጎረቤቶቹ ላድርስ፣ አንዱንም ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ላስለጥፍ ብዬ ተነሳሁ።

ቀበሌው ግን «አንድ ወረቀት ከሆነ ማኅተም እናደርግበታለን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰሌዳው ቦታ የለውም» አለኝ። ሰሌዳው ላይ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ፀሐይ እየበላው ተለጥፎ ነበር። እሱን አንስቶ ለገበሬ የሚጠቅም ሁለት ወረቀት መለጠፍ ምን ይከብዳል? እስካሁን ያንገበግበኛል። ቢሆንም እሺ ብዬ ወጣሁ።

ለማተም ኮንትሮል ፒ ስጫን ገጹ ሰባት ወረቀት ሆነ። ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ «ወንድሜ፣ ስኬሉን ዝቅ እናድርገዋ» አለችኝ፣ ገጹ በመቶ ስንት ሆኖ እንደሚታተም የሚወስነውን ማለቷ ነው። ክሮም ላይ ተጨማሪ ማስተካከያዎቹን ከፍታ ከ100 ወደ 70፣ ወደ 50፣ መጨረሻ ላይ 37 አካባቢ ስታደርሰው ሰባቱ አንድ ሆነ። ደስ አለኝ። ሠላሳ ኮፒ አስነሳሁና በማግስቱ ይዤ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ያኔ ቁጭ ብዬ ላስበው ይገባ የነበረውን ሒሳብ ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ የምናነበው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ 16 ፒክስል ነው። ይህ ሳይቀነስ ሲታተም በኅትመት የፊደል መለኪያ 12 ፖይንት ይሆናል፣ ማለትም ደህና የመጽሐፍ ፊደል። ስኬሉን 50 ስታደርገው 6 ፖይንት ይሆናል። እኔ ባደረስኩት 37 ደግሞ አራት ፖይንት ተኩል እንኳ አይሞላም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን ወረቀት አስቡት። ከዚያም ያንሳል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ይህን አይችልም። ሉ እና ሊን አስተያዩአቸው። ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ሉ ላይ ከወገቡ ትወጣለች፣ ሊ ላይ ከእግሩ። ቡ እና ቢም፣ ሱ እና ሲም እንደዚያው ናቸው። ፊደሉ አራት ፖይንት ሲሆን ቅጥያዋ የቀለም ነጠብጣብ ታህላለች። በዚያ ላይ ኮፒ ሲነሳ ጭራሽ ትጠፋለች። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የኅትመት ምክሮች ይህን አይነግሯችሁም፤ የተጻፉት ለሌላ ፊደል ነው።

ከፊደሉ የባሰው ግን ነጥቡ ነው። ገጹ ላይ ለምሳሌ የቀረበው የኖራ መጠን በሄክታር 2.5 ቶን ነበር። ኮፒው ላይ ነጥቧ ጠፋች። 25 ቶን ሆነ። ፒኤቹም 55 ሆነ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ወረቀቱን ሳየው 2.5 ብዬ አነበብኩት፣ ምክንያቱም አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው የጠፋውን ነጥብ በልቡ ይሞላዋል። ለዚህ ነው የራሳችሁን ኅትመት ራሳችሁ ብቻ አትፈትሹት የምለው።

አንድ ጎረቤታችን፣ አባቴን «አያ» እያለ የሚጠራ ጠንካራ ገበሬ፣ ወረቀቱን ልጁ አነበበችለት። ሃያ አምስት ቶን። ዝም አለ። በኋላ እንደሰማሁት «ይኼ ለእኛ አይደለም፣ ባለ ትራክተር ይሥራበት» ብሎ ተወው። እኔ ስሕተቱን ያወቅሁት ለዳግማ ትንሣኤ አገር ቤት ስገባ፣ አባቴ ዓይኑን ሲወቅስ ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ፊደል በፊደል ላነበው ስሞክር እኔም አልቻልኩም። አስተካክዬ እስክመለስ ኖራው መደባለቅ የነበረበት ጊዜ አለፈ። ጎረቤታችን ያንን ዓመት ያለ ኖራ ዘራ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ይከነክነኛል።

ሁለተኛውን ኅትመት እንዲህ ሠራሁት።

ገጹን በፋየርፎክስ ከፍቼ ጽሑፉን ለይቶ የሚያሳየውን የንባብ ገጽታ ለማምጣት ኤፍ 9 ተጫንኩ። ማስታወቂያው፣ የጎኑ ዝርዝር ሁሉ ተነሣ። ሰባቱ ወረቀት አራት ሆነ። አሁንም አላሳነስኩም። ጽሑፉን ብቻ ኮፒ አድርጌ ወርድ ላይ ለጠፍኩት፣ ከዚያ መቁረጥ ጀመርኩ። መግቢያው ወጣ። ስለ አገሪቱ አፈር በጠቅላላው የሚያወራው ወጣ። አባቴ ማሳው ላይ ቆሞ የማይጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ወጣ። የቀረው ምን ያህል፣ መቼ፣ እንዴት የሚለው ብቻ ነው።

ቁጥሮቹን በሰው አፍ ጻፍኳቸው። 2.5 ቶን ማለት 25 ኩንታል ነው፣ ነጥብ የለውም። ከሥሩ ደግሞ «ለአንድ ጥማድ ስድስት ኩንታል ከሩብ» ብዬ ጨመርኩ፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነውና። ፒኤቹን «አምስት ተኩል» ብዬ በፊደል ጻፍኩት። ምሳሌ መሆኑንና ልኩ በምርመራ እንደሚታወቅ ግን ከላይ በደማቁ አስቀመጥኩ።

ጽሑፉን 11 ፖይንት አደረግሁት። ማርጂኑን፣ ማለትም በጠርዙ ያለውን ባዶ ቦታ፣ በአራቱም ጎን ወደ 1.27 ሴንቲሜትር አጠበብኩት። በጣም ብታወርዱት ግን ፕሪንተሩ ጠርዙን ሊበላው ይችላል። አንድ ነገር ግን ቀድሞ ቢነገረኝ ደስ ይለኝ ነበር። የአማርኛ ፎንቶች በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ። ወርድ ላይ የመስመር ክፍተቱን «ኤግዛክትሊ» አድርጋችሁ 15 ፖይንት ስትሰጡት ፊደሉ ሳያንስ ብዙ መስመር ታተርፋላችሁ። እኔ የመጨረሻዎቹን ስምንት መስመሮች ያስገባሁት በዚህ ነው።

«ፊት ቱ ፔጅ» የሚባለውን፣ ገጹን ከወረቀቱ ጋር አስማማ የሚለውን ምርጫ፣ አትመኑት። ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው ስፋቱን ነው፣ ርዝመቱ እንዳለ ነው። በአንድ ወረቀት አራት ገጽ የሚለውም ያው 50 ስኬል ነው፣ ስሙ ብቻ ተለወጠ። የኮፒ ቤት ሰዎች ሁለቱንም ይመክሯችኋል፣ ሥራው ቶሎ ያልቅላቸዋል።

ወደ ኮፒ ቤት ስትሄዱ በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። በወርድ ከወሰዳችሁት የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ሁለት መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ይፈስሳል። የወረቀቱንም ዓይነት እዩ። ኤ4 ርዝመቱ 297 ሚሊሜትር ነው፣ ሌተር የሚባለው ሌላ የወረቀት ልክ ግን 279። ኮምፒውተሩ ሌተር ላይ ከሆነ ወይ ያሳንሰዋል ወይ ግርጌውን ይቆርጠዋል። ሠላሳውንም በቀጥታ ከሌዘር ፕሪንተር አስወጡ፣ ከኮፒ ላይ ኮፒ አታስነሱ። ትንሽ ያስወጣል፣ ግን ነጥብ አይጠፋም። ውኃ የሚነካው ከሆነ ፈሳሽ ቀለም በሚረጨው ፕሪንተር (ኢንክጄት) የታተመው ሊፈስስ ይችላል።

ሠላሳውን ከማስወጣቴ በፊት አንዱን ብቻ አሳትሜ ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ በእሾህ ሰካሁት። አባቴን ምንም ሳልነግረው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ቁጥሮቹን እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት።

«ሃያ አምስት ኩንታል» አለ። ጣቱን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደ። «ለጥማድ ስድስት ከሩብ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ጥፋቱ የፊተኛው ወረቀት ነበራ!» አለኝ።