ምልክት ያላደረግሁበት ዘንግ

ኅዳር ወር ነበር፤ ጅማ ላይ ቡና የሚጫንበት፣ ሹፌር ሁሉ የሚቸኩልበት ጊዜ። የምሠራበት ጋራዥ የገባው አሮጌ የጭነት መኪና መሪው ላልቶ፣ ጎማዎቹ ሳይታዘዙ አራት ጣት ያህል በባዶው ይዞራል። የመሪውን ዘንግ፣ ዙሩን ወደ ጎማዎቹ ከሚያስተላልፈው የመሪ ሳጥን ጋር የሚያገናኘው ከጎማና ከሸራ የተሠራው ማያያዣ ዘይት ጠጥቶ ተሰነጣጥቋል። አዲሱን ፈልገን አጣን። ባለቤቱ ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ባለ ሁለት ክሮቸራ ዘንግ ይዞ መጣ፤ ክሮቸራ ማለት ዘንግ ታጥፎም እንዲዞር የሚያደርግ መጋጠሚያ ነው።

«ካልገጠመ ቆርጣችሁ በይዱልኝ፤ ነገ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ» አለ።

ዋናው መካኒካችን ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድሜ፣ መሪ አይበየድም። ብየዳው ዳር ያለው ብረት በሙቀት ይደርቃል። ግቤ ቁልቁለት ላይ ከተሰበረ ምን ትይዛለህ?»

ያን ቀን ስለ እምቢታቸው ወደድኋቸው። ደግነቱ መበየድ አላስፈለገም። የዘንጉንና የሚገባበትን ጥርስ ቆጠርን፤ 36 ለ36። መሪው ከጋቢናው፣ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር ስለሚታሰርና ሁለቱ ለየብቻ ስለሚናወጡ፣ ዘንጉ መሐል ላይ ሁለት ቁራጭ ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተንሸራተተ ይረዝማል፣ ያጥራል። ርዝመቱን እሱ ሞላልን።

እኔ ዘንጉን ከመሐሉ ነቅዬ አጠብሁ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ መልሼ ሰካሁ፣ ገጠምሁ። በአጋሮ መንገድ ስሞክረው መሪው አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ። ሳጥኑን ጠረጠርሁ፤ ልፈታው ቁልፍ ሳነሣ ጋሼ አስቆሙኝ። መሪውን ቀስ ብዬ እንዳዞር አዝዘው በባትሪ ከሥር ተመለከቱ።

«ስታጥበው ነቅለኸዋል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ምልክት አድርገህበት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም።

የታጠፈ ክሮቸራ ዙርን እኩል አያስተላልፍም። በ30 ዲግሪ ከታጠፈ፣ አንድ ወጥ ፍጥነት ብትሰጠው በሌላው በኩል አንዴ 15 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ አንዴ 13 በመቶ ያህል ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቸራ ያንን መልሶ የሚያስተካክለው ሁለቱም እኩል ሲታጠፉና በመሐለኛው ዘንግ ጫፎች ያሉት፣ ክሮቸራዎቹን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲውሉ ነው። እኔ የሰካሁት ሩብ ዙር ያህል አዛንፌ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጥፋት ማረም ሲገባው ይጨምርበት ጀመር።

ነቅለን ሹካዎቹን አስተካከልን። ማጥበቂያው ብሎን በዘንጉ ላይ ባለው ጎድጎድ ውስጥ ካላለፈ ዘንጉ በቂ ያህል አልገባም ማለት ነውና፣ ጋሼ ብሎኑን በመዶሻ እንዳልገፋው ከለከሉኝ። ዘንጉን ትንሽ ስንገፋው ብሎኑ በእጅ ገባ።

ማታ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ተመልሼ ከሥሩ ገባሁ። ዘንጉ በሚንሸራተትበት መጋጠሚያ ላይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በመሮ መታሁ፤ ነገ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ለሚፈታው ለማላውቀው ሰው።