የዶሮውን ዋጋ ከገበያ ለሚያመጡልን

ወዳጆች፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

የዘንድሮው የእንቁጣጣሽ ሰላምታ ለትንንሽ ከተሞች ዜና ጸሐፊዎች ይድረስልን፤ ለዞንና ለወረዳ ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች፣ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ሪፖርተሮች፣ ያለ ደመወዝ የከተማቸውን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ለሚይዙት። ማታ የጻፉትን ያነበበ ሰው ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ ያገኛቸዋል። ስሙን አሳስተው ከሆነ እዚያው ይነግራቸዋል።

የበዓል ገበያ ዋጋን ተመልከቱ። ሻጭ የሚጠራውና ገዢ የሚከፍለው አንድ አይደለም። የጠዋቱ 3 ሰዓት ዋጋም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አይገኝም፤ ከገጠር የመጣው ሻጭ መንገድ ሳይመሽበት ለመመለስ ሲል ይቀንሳል። ስለዚህ ጠንቃቃው ሪፖርተር ሻጩን ብቻ አይጠይቅም። ገበያው መውጫ ላይ ቆሞ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚወጣውን ሰው «ስንት ገዙት?» ይላል፤ ሦስት አራት ሰው ከጠየቀ በኋላ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ይጽፋል። አውራ ይሁን ቄብ፣ በጉም ጠቦት ይሁን ሙክት፣ ቅቤው ለጋ ይሁን በሳል ይለያል። ጤፍ በጣሳ የሚሸጥበት ገበያ ከሆነ ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ያስመዝናል፤ አለዚያ አንባቢው ከኩንታሉ ዋጋ ጋር ማነጻጸር አይችልም። ይህ ሁሉ ከሁለት መስመር በላይ አይወጣውም፤ ግማሽ ቀን ግን ይፈጃል።

ሰዓትና ቀን ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሰኞ አልፎ ማክሰኞ ሳይነጋ የደረሰ አደጋ አንዱ ዘንድ «ሰኞ ሌሊት»፣ ሌላው ዘንድ «ማክሰኞ ሌሊት» ይባላል። ቋንቋችን ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አለው፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ ተከታዩ መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም የአንድ ቀን ልዩነቱ ይቀጥላል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም ለዚሁ ነው። ያለፈውን ዓመት ዜና ገልብጦ ቀኑን እንዳለ የሚተው ሰው ውጭ አገር ያለውን ወገን በአንድ ቀን ያሳስተዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የሞት ዜና ነው። በእኛ ወግ መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ማለዳ ይነገራል። ዋሽንግተን ያለውም ሐበሻ ይህንኑ ይጠብቃል፤ ወዳጆች ተሰብስበው ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳሉ። አሁን ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ከወረዳ ከተማ የተለጠፈ ፎቶ፣ በበጋቸው ወራት እዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ነውና፣ የሟችን እህት ሥራ ቦታዋ ላይ፣ ብቻዋን፣ ስልኳን እንደያዘች ያገኛታል። ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። ታርጋው፣ የሚኒባሱ የጎን ቁጥር፣ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ጥቅስ፣ የሟች ጋቢ ወይም ጫማ ለሚያውቀው ሰው ከስም እኩል ነው። ሥራውን የሚያውቁት መንገዱን፣ የተሽከርካሪውን ዓይነትና የተጎጂዎችን ቁጥር ብቻ ይጽፋሉ፤ ስሙን የሚያወጡት ከእድሩ ሰብሳቢ መርዶው መነገሩን ካረጋገጡ በኋላ ነው። ቁጥሩንም ከሰዓቱ ጋር ያኖሩታል፦ «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ»። ፖሊስ በስፍራው የቆጠረውና ሆስፒታል የመዘገበው የሚለያየው አንዳንዱ ቁስለኛ በመንገድ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ሌላው የውሃ ፕሮጀክት ምረቃ ዜና ነው። ብዙ ጊዜ የእንግዶቹ ስምና ማዕረግ ሦስት አንቀጽ ይወስድና ውሃው መጨረሻ ላይ ይጠቀሳል። ጎበዙ ግን ሒሳብ ይሠራል። ጉድጓዱ በሴኮንድ 5 ሊትር ይሰጣል፣ ፓምፑም በቀን 20 ሰዓት ይሠራል ከተባለ፣ በሰዓት 18,000፣ በቀን 360,000 ሊትር ይወጣል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢደርሰው 18,000 ሰው ያጠጣል፤ በየቱቦው የሚፈስሰው ሳይቀነስ። ንግግሩ ላይ «50 ሺህ ሕዝብ» ከተባለ መጠየቅ ያለበት ያኔውኑ ነው። ትራንስፎርመሩ ገብቷል? ጀኔሬተር ከሆነ ናፍጣውን የሚከፍለው ማን ነው? ፈረቃው ለየትኛው ቀበሌ በየትኛው ቀን ነው? ከአንድ ወር በኋላም ተመልሶ፣ ከባለሥልጣኑ መኪና ወርዶ በእግሩ ሄዶ፣ ቦኖውን ይከፍታል። የሚያሳዝነው ይህ ሁለተኛው ጉዞ አበል ስለሌለው ብዙ ጊዜ ይቀራል። የከተማው ሰው ግን የሚጠብቀው እሱኑ ነው።

ሰነድ ሲፈልጉ በጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብቱን ይሰጣል። ዋናው ነገር ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ማግኘቱ ነው። እጅ በእጅ ለኃላፊው ጠረጴዛ የተሰጠ ወረቀት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ቃለ መጠይቅ ሲቀዱ ደግሞ፣ በክረምት በተለይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሁን፤ ዝናቡ ድምፁን ይውጠዋል።

ስም የሚጻፈው ባለቤቱ እንደሚጽፈው ነው። ፀሐይን በየትኛው «ፀ»፣ ኃይሉን በየትኛው «ኀ» እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም። የፍርድ ቤት ዜና ከሆነ የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ የግድ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም የሚገጥም ሁለት ሰዎች አይጠፉም፤ አንደኛው ተከሶ ሌላው ገበያ መውጣት ያፍራል። ስህተት ከተፈጠረ ጽሑፉን ዝም ብሎ ማጥፋት አይጠቅምም፤ ፎቶው በቴሌግራም ዞሯል። ማረሚያው በዚያው ገጽ፣ ምን እንደተስተካከለ ተገልጾ ይወጣል።

ዛሬ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ሊቀርጹ የወጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ማታም አንዱ ሰፈር መብራት ቢጠፋ ስልኩ የሚደወለው ለእነሱ ነው። ስትደውሉላቸው ሰፈሩንና ሰዓቱን ንገሯቸው፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩላቸው። ቡና ከተፈላ ደግሞ ጥሩ፣ ግቡ በሏቸው።

መልካም አዲስ ዓመት።