ግራ በኩል ያለችው ሴል

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። የአይጥ ፅንስ ነው፤ ቀናት የፈጀውን በአንድ ደቂቃ ያሳያል። አንዷ ሴል ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። እስከዚህ ድረስ ከረጢት ውስጥ የተጠቀጠቁ ብይዎች ነው የሚመስሉት፣ እያንዳንዷን ነጥሎ መቁጠር ይቻላል። ስምንት ላይ ግን ድንገት እርስ በርሳቸው ልጥፍ አሉ። በመሀላቸው የነበረው ድንበር ጠፋና አንድ ኳስ ሆኑ። ወደኋላ እየመለስኩ ስንቴ እንዳየሁት እንጃ።

የሚያጣብቃቸው ኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። ከተጣበቁ በኋላ እያንዳንዷ ሴል ወደ ውጪ የሚያይ ፊትና ወደ ጎረቤቶቿ የዞረ ጀርባ ይኖራታል። ቀጥሎ ሲከፋፈሉ አንዳንዶቹ መሀል ይገባሉ፣ ሌሎቹ ዳር ይቀራሉ። ዳር የቀሩት ወደ እንግዴ ልጅነት ያመራሉ። ልብ፣ አጥንት፣ አይን የሚወጣው ደግሞ መሀል ከገቡት ጥቂት ሴሎች ነው። በሰውም እንዲሁ ነው፣ ትንሽ ዘግየት ይላል እንጂ።

ተማሪ ሳለሁ እያንዳንዷ ሴል ስራዋን ይዛ የምትወለድ ይመስለኝ ነበር። ፈተና ላይም እንደዚያው ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ (ያኔ ተናድጄ ነበር፣ ለካ መምህሬ ልክ ነበሩ)። ፖላንዳዊው አንጄይ ታርኮቭስኪ በ1959 ባለ ሁለት ሴል የአይጥ ፅንስ ወስዶ አንዷን ሴል ገደላትና የተረፈችውን አይጥ ማህፀን ውስጥ አስገባት። አይጥ ተወለደ። ግማሽ አይደለም፣ ሙሉ!

ከሁሉ የገረመኝ ግን በ1967 ከባልደረባው ከቭሩብሌቭስካ ጋር የሰራው ነው። ከስምንቱ ሴሎች አንዷን ነጥለው ለብቻዋ ሲያሳድጓት፣ ብዙ ጊዜ የምትሰራው ባዶ ፊኛ ብቻ ነው። ዙሪያው አለ፣ መሀሉ የለም። ለምን? ከእሷ የሚወጡት ሴሎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ አንዷን ከበው መሀል ለማስገባት አይበቁም፤ ሁሉም ዳር ይቀራሉ፣ ዳር ስለቀሩም የዳር ስራ ይይዛሉ።

ሴሏ ዳር መሆኗን በምን ታውቃለች? ዳር ላይ ያፕ የሚባል ፕሮቲን ኒውክለስ (ጂኖቿ የሚቀመጡበት የሴሏ ክፍል) ውስጥ ገብቶ፣ የዳር ስራ የሚያስይዛት ሲዲኤክስ2 የተባለው ጂን እንዲነሳ ያደርጋል። መሀል ላይ፣ ዙሪያዋን በጎረቤት ስትከበብ፣ ያፕ ከኒውክለሱ ውጪ ይታገታል። በሴሎቹ መሀል ያለው ልዩነት ገና አራት ሳሉ ይጀምራል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ ያን ያህል አያጣላም ባይ ነኝ። ቀድሞ ዝንባሌ ቢኖር እንኳ ቦታዋ ሊቀይረው ይችላላ። ብቻ «ሴሏ ወሰነች» ሲሉ አይጥመኝም። ምኑን ነው የወሰነችው፣ ተገፍታ የገባች!

ቪዲዮው ላይ ግራ በኩል ያለችውን አንዷን መርጬ እሷን ብቻ ልከተላት ሞከርኩ። ስምንት ላይ አለች። ኳስ ሲሆኑም አለች። ተከፈለች፣ አንዷ ልጇ ዳር ቀረች፣ ሌላዋ ግን ወደ ውስጥ ስትገባ በየጊዜው ትጠፋብኛለች። አራት ጊዜ ሞክሬ ሳይሆን ሲቀር ነው የተኛሁት።