ቀይ ቦሎቄ አብቅዬ ጥሬውን በላሁ

አምና በሁዳዴ ነው የጀመርኩት። ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ከሥራ ስገባ ብዙ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ይጠብቀኛል። 55 ቀን ሙሉ ሽሮ በሽሮ ከምሆን እሳት የማይፈልግ ምግብ ብለምድ ይሻላል አልኩ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም እራቴ ባብዛኛው ጥሬ ነው። ግን አንድ ሰው ቀድሞ «ይህችን ብቻ እንዳትነካ» ቢለኝ ኖሮ አንድ ሌሊት ሙሉ ሽንት ቤት ወለል ላይ ባላደርኩ ነበር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ካሮትና ቀይ ሥር ፈቅፍቆ ሎሚ፣ ጨውና ትንሽ ሰናፍጭ። ጥቅል ጎመን በስሱ ከትፎ በጨው ማሸት፤ ሩብ ሰዓት ሲቆይ ይለሰልሳል። አቮካዶ በቃሪያና በቲማቲም። ተልባ ሳይፈጭ ቢዋጥ ፍሬው እንደገባ ይወጣል። ለእሱ ስል እሳት አነዳለሁ፣ ሳይቆላማ ምን ጣዕም አለው?

ሰላጣ ቅጠልን ትቻለሁ። ሁሉም «በአቼቶ እጠበው» ይላል። አቼቶ ሰላጣውን አቼቶ አቼቶ ከማሰኘት አልፎ ያን ያህል ይሠራል ብዬ አላምንም። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚጠጣ ጎመንና ሰላጣ እንዳለ እያወቅሁ፣ የሚላጥ ነገር ብመርጥ አይፈረድብኝም።

ዋናው ትምህርቴ ማብቀል ነው። ድፍን ምስር አንድ ስኒ ሌሊቱን ዘፍዝፌ አሳድራለሁ። ጠዋት ውሃውን ደፍቼ ጠርሙስ ውስጥ እጨምረውና አፉን በሻሽ ሸፍኜ በላስቲክ አስራለሁ። ውሃው ጠፈፍ እንዲል አዘንብዬ አስቀምጣለሁ። ጠዋትና ማታ ማለቅለቅ ብቻ ነው (ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ «ብቻ» አይደለም፣ ጀሪካን ይያዝ)። በሁለተኛው ቀን ነጭ ጭራ ያወጣል፣ በሦስተኛው ይበላል። ደረቁ ምስር ውስጥ የሌለ ያህል የነበረው ቫይታሚን ሲ ሲበቅል ይጨምራል። ሎሚ ሲታከልበት ደግሞ የምስሩ ብረት ለሰውነት ይቀላል። ለመዝራት ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ዘር ግን በፍጹም አይገዛ።

ምስሩ ሲሳካልኝ ጠገብኩ። ሱቅ ሄጄ ግማሽ ኪሎ ቀይ ቦሎቄ ገዛሁ። ዘፈዘፍኩ፣ አጠብኩ። በአራተኛው ቀን ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ወፍራም ነጭ ሥር ብቅ አለ። እንዴት ያምር ነበር! ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሞላሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ሲቆረጠም ሣር ሣር ይላል፣ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ያኔ መትፋት ነበረብኝ። ጤና ነው ብዬ ሳህኑን አጸዳሁት።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የበላሁት። አራት ሰዓት ላይ አንጀቴ ተገለበጠ። ትውከቱ ባዶ ሆኜም አላቆመም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ተቅማጡ ተከተለ።

ጠዋት ሻል ብሎኝ ነበር፣ ግን ፈርቼ ሰፈሬ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ተወሰደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተባልኩ። ምን በላህ ያለኝ የለም። እኔው ነኝ «ትናንት ማታ ጥሬ ቦሎቄ በልቼ ነው» ያልኩት። ባለሙያው ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ የምግብ ጉዳይ አይደለም፣ ውጤቱ ይኸው» አለኝ። አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዤ ወጣሁ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ትኩሳት አልነበረኝም። ታይፎይድ ከተያዙ በኋላ ለመታየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል እንጂ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አያስተፋም። ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም የተረፈም ሊሆን ይችላል። ስንቶቻችን ነን በዚች ወረቀት ሲፕሮ የቃምነው?

መልሱን የሰጠችኝ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ናት፣ በስልክ።

«አደንጓሬ? ጥሬውን?»

«አብቅዬ ነው እንጂ እማዬ።»

«ብታበቅለውስ! ከብት እንኳን አይበላው!»

ኋላ ሳነብ ነገሩ ስም አለው፤ ፋይቶሄማግሉቲኒን። ቀይ ቦሎቄ ውስጥ በብዛት ያለ መርዝ ነው። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ ለማሳመም ይበቃል፣ እኔ ሳህን ሙሉ በልቻለሁ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ያስጀምራል፣ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ማብቀል አያጠፋውም። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ ማንተክተክ ነው መፍትሔው። በዝግታ እሳት ለብ እያለ የዋለ ቦሎቄ ከጥሬውም ሊብስ ይችላል።

ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ባቄላ ዘፍዝፋ፣ አብቅላ፣ በቆልት ትሠራልን ነበር። ስታበቅለው ቆይታ መጨረሻ ላይ ትቀቅለዋለች። ሁዳዴው ሲገባ እኔ «ይህን ሁሉ ደክማችሁ ቫይታሚኑን በእሳት ትገድሉታላችሁ» ብዬ ሰብኬአታለሁ። ዝም ብላ ነበር የሰማችኝ።

የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች ቡቃያ ሁሉ ይብሰል ይላሉ፤ ሙቀትና እርጥበት እንደ ሳልሞኔላ ያለውን ጀርም ያራባል። ልክ ናቸው። የምስሩን ግን እኔ ለራሴ ጥሬውን እበላለሁ። ሽታው ከተቀየረ ወይም ካሟለጨ ይደፋል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌ ግን በፈላ ውሃ ሳላበስል አላቀርብም።

ለጸሎተ ሐሙስ እናቴ ጉልባን ይዛልኝ መጣች። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠርሙስ አንስታ ብርሃን ላይ አየችው።

«ይሄስ?»

«ምስር ነው፣ እማዬ። ምስር ብቻ።»

መለሰችውና ወጥ ቤት ገባች። «ድስትህ የት ነው?» አለች።